መርፌውን ያሻገረው ሐኪም፦ ቪለም ቴን ራይነ (1647–1700)

ዛሬ ላጫውታችሁ ያሰብኩት ከሞተ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ስለሆነው አንድ የሆላንድ ሐኪም ነው። ነገሩ ግን የሚጀምረው ከውሻ ነውና ጥቂት ታገሱኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የምንኖረው ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነው። ውሻችን ቡቺ አሥራ ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ የኋላ እግሮቹ ከዱት። ጠዋት ሲነሳ ያቃስታል፤ ደረጃ ፊት ቆሞ ወደኛ ያያል። የእንስሳት ሐኪሟ ራጅ አነሳችውና የዳሌው መገጣጠሚያ ማለቁን ነገረችን። ማስታገሻ ኪኒን ተሰጠው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ኩላሊቱ አልችልህ አለው። ያን ጊዜ ሐኪሟ ሁለት ነገር አቀረበችልን። አንደኛው በሳምንት አንድ ቀን ቀጫጭን መርፌዎች እየተከሉ የሚያክሙ ባልደረባዋ ዘንድ መሞከር ነበር፤ ፈረንጆቹ አኩፓንክቸር የሚሉት ማለት ነው። ሁለተኛው እዚህ አገር ማስተኛት የሚባለው፣ የመጨረሻው መርፌ ነው። የአሥር ዓመቷ ልጄ ይህን ሁሉ አጠገቤ ቆማ ትሰማ ነበር።

እኔ መሐንዲስ ነኝ። ላልተለካ ነገር ገንዘብ አላወጣም ብዬ ልመልስ ነበር። ማታ አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ ደውዬ ጉዳዩን ባጫውታት መጀመሪያ ከልቧ ሳቀች። ለውሻ! ቀጥሎ ግን ዝም አለችና የአባቴን በቅሎ አስታወሰችኝ። ያቺ በቅሎ ስታነክስ የሚተኩሳት ሰው ከወንዝ ማዶ ይመጣ ነበር፤ ብረቱን አግሎ ትከሻዋን ይተኩሳታል፣ ከዚያ ታርፋለች፣ ከዚያ ትሄዳለች። ስለ ዋግምቱም አነሳች። እኔ ሕፃን ሆኜ ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። ትምህርት ቤት ስገባ ማፈር ጀመርኩ፤ ባሕር ማዶ ስማር ደግሞ ጭራሹን ረሳሁት። አሁን አንዲት የሆላንድ ሐኪም ነጭ ካፖርት ለብሳ የሩቅ ምሥራቁን መርፌ ስትመክረኝ የምሰማው በአክብሮት ነው። የወንዝ ማዶውን ሰው ግን እንዲህ ሰምቼው አላውቅም።

ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝና መርፌው ወደዚህ አገር እንዴት እንደመጣ በየማታው ማንበብ ያዝኩ። የጠበቅሁት በ1970ዎቹ ጸጉሩን አስረዝሞ ከእስያ የተመለሰ ወጣት ነበር። ያገኘሁት ግን ከስኪፖል በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል በምትርቀው በላይደን ከተማ የተማረ፣ የዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሰው ነው።

ቪለም ቴን ራይነ በምሥራቅ ኔዘርላንድ በምትገኘው ደቬንተር ከተማ በ1647 ተወለደ። መጀመሪያ ፍራኔከር፣ ቀጥሎ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕክምና ተማረ። ላይደን በ1590 የተቋቋመ የዕፅዋት ማሳደጊያ ነበራት፤ የዘመኑ ሐኪም ደግሞ ቅጠል ካላወቀ ሐኪም አይባልም። መምህሩ በአውሮፓ ስሙ የገነነው ፍራንሲስኩስ ሲልቪዩስ ነበር። በ1668 ትምህርቱን የጨረሰበት ጽሑፍ ርእሱ የሚያስገርም ነው፤ በነፋስ ምክንያት ስለሚመጣ የአንጀት ሕመም። ነፋስ መታኝ እያልን ላደግን ለኛ የላይደኑ ሊቅ ያን ጊዜ ከመንደራችን ብዙም የራቀ አልነበረም።

ዛሬ አውሮፕላን የሚያርፍበት መሬት ያን ጊዜ ሰፊ ሐይቅ ነበር። የሃርለም ሐይቅ ተቀድቶ የደረቀው በ1852 ነው፤ ስኪፖል እስካሁን ከባሕር ወለል ሦስት ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ለዚህ ነው። በቴን ራይነ ዘመን ከላይደን ወደ አምስተርዳም የሚሄድ መንገደኛ ፈረስ በሚጎትተው ጀልባ፣ በ1657 በተከፈተው ቦይ፣ ሐይቁን ወደ ጎን ትቶ በሃርለም በኩል ያልፍ ነበር። የምሥራቁ ሀብት ሁሉ የሚራገፈው አምስተርዳም ላይ ነው። በ1602 የተቋቋመው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ቅመም፣ ሐር፣ መዳብና ባሪያ የሚነግድ፣ ጦር ያለው፣ መንግሥት የሚያክል ድርጅት ነበር። ጃፓኖች ሕክምናና ዕፅዋት ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ላኩልን ብለው ጠይቀውት ስለነበር ኩባንያው ወጣቱን ሐኪም ቀጠረው። ቴን ራይነ በ1673 በመርከብ ተሳፈረ፤ ዕድሜው ሃያ ስድስት ነበር።

ጃፓን ያን ጊዜ በሯን ዘግታለች። እኛ ዘንድ ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ባባረሩበት ዘመን ጃፓኖችም ፖርቱጋሎችን አስወጥተዋል። ከአውሮፓውያን መነገድ የተፈቀደላቸው ሆላንዶች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ከ1641 ጀምሮ የሚኖሩት ናጋሳኪ ወደብ ውስጥ ደጂማ በምትባል፣ በእግር በደቂቃዎች በምትዞር ሰው ሠራሽ ደሴት ላይ ነው። ያለ ፈቃድ ድልድዩን መሻገር አይቻልም። ቴን ራይነ በ1674 ደጂማ ገብቶ ሁለት ዓመት ገደማ ተቀመጠ። ሊያስተምር ነበር የተጠራው፤ የጃፓን ሐኪሞችም በጥያቄ አጣደፉት። ሰውየውን የምወደው ግን እየተጠየቀ መልሶ በመጠየቁ ነው።

አራት ሥዕሎች እጁ ገቡ። ራቁቱን የቆመ የሰው አካል ላይ መስመሮችና ነጥቦች ተሥለዋል፤ መርፌ የሚተከልባቸውና እሳት የሚያርፍባቸው ቦታዎች ናቸው። ጽሑፉ በቻይና ፊደል ነው። ኢዋናጋ ሶኮ የሚባል ቻይንኛ የሚያነብ የጃፓን ሐኪም ለአስተርጓሚው ለሞቶጊ ሾዳዩ በጃፓንኛ ያስረዳል፤ ሞቶጊ በተሰባበረ ሆላንድኛ ለቴን ራይነ ይነግረዋል፤ ቴን ራይነ ደግሞ በላቲን ይጽፋል። አስተርጓሚው ግማሽ ቃልና ቁርጥራጭ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሰጠኛል ብሎ አማርሯል። ቢሆንም የሁለቱንም ስም መጽሐፉ ውስጥ አስፍሯል። በኛ ሥራ ቁልፉ የጠፋበት ንድፍ እጅህ ሲገባ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚያውቅ ያውቀዋል። መስመሩን ታያለህ፤ ቧንቧ ይሁን ሽቦ አታውቅም።

ቴን ራይነም እዚህ ላይ ተሳሳተ። መስመሮቹን የደም ሥሮች ናቸው አለ። እንግሊዛዊው ሃርቪ ስለ ደም ዑደት መጽሐፉን ካሳተመ ገና ግማሽ ምዕተ ዓመት አልሞላም ነበርና የላይደን ተማሪ መስመር ባየ ቁጥር ደም ቢታየው አይፈረድበትም። ሥዕሎቹ ላይደን ካየው የአካል ክፍል ጋር አልገጠሙለትም። ይሁንና አልገጠሙም ብሎ አልጣላቸውም፤ ሕዝቡ አካል ከፍቶ ባያይም በብዙ ዘመን ልምድ ያገኘው ነገር አለ ብሎ እንዳሉ ለማሳተም ወሰነ።

የአገሩ ወግ ሆኖ የደጂማ ሹም በየዓመቱ ወደ ኤዶ፣ ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ፣ ገጸ በረከት ይዞ ይወጣ ነበር። ቴን ራይነ በ1675ና በ1676 አብሮ ሄዷል። በአንዱ ጉዞ ላይ ካጀቧቸው የጃፓን ወታደሮች አንዱ በሙቀት ደክሞ ቀዝቃዛ ውኃ ጠጣና ሆዱን ያዘው። ዝንጅብል በመጠጥ ሞከረ፤ አልሆነም። ከዚያ በጀርባው ተጋድሞ፣ ሐኪሙ እያየው፣ ራሱ መርፌውን ሆዱ ላይ አኖረና በትንሽ መዶሻ እየመታ አራት ቦታ ላይ ተከለው። ሕመሙ ለቀቀው። ስለ አንጀት ነፋስ ጽፎ የተመረቀው ሰው የተማረውን በሽታ ባልተማረው መንገድ ሲድን አየ። ያየውንም አላስዋበውም፤ ምን እንደጠጣ፣ የት እንደወጋ፣ ስንት ጊዜ እንደወጋ መዝገቡ ላይ አሰፈረ።

በ1676 ከጃፓን ወጥቶ የዛሬዋ ጃካርታ ወደሆነችው ባታቪያ ተመለሰ። ቀሪ ዕድሜውን ያሳለፈው እዚያ ነው። ጽሑፉን ለንደን ወደሚገኘው የንጉሣዊ ሳይንስ ማኅበር ላከ፤ መጽሐፉ በ1683 በላቲን ታተመ፤ ለንደን ብቻ ሳይሆን ሄግና ላይፕሲግም ይሸጥ ነበር። ዋናው ርእስ የመገጣጠሚያ በሽታ ነው፤ እኛ ቁርጥማት የምንለው። ለቡቺ ራጅ የተነሳበት በሽታ መሆኑ ነው። መርፌው የተጨመረው እንደ አባሪ ነበር፤ በላቲን አኩፑንክቱራ የሚለውን ቃል ከመርፌና ከመውጋት አጋጥሞ ለዓለም የሰጠውም ይህ አባሪ ነው። መገጣጠሚያን የሚያሳምመው በአጥንትና በሽፋኑ መካከል የታሰረ ነፋስ ነው ብሎ ያምናል። ለቁርጥማት አብልጦ ያመሰገነው ግን መርፌውን ሳይሆን እሳቱን ነው፤ የአሪቲ ዘመድ የሆነ ተክል ቅጠል ተወቅጦና ደርቆ ቆዳ ላይ ይቃጠላል። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ሐኪም በየምክንያቱ ደም ያፈስ ነበርና ከዚያ ይህ ይሻላል ብሎ ተከራከረ። ይህን ሳነብ የወንዝ ማዶው ሰው ብረቱን ይዞ ዓይኔ ላይ መጣብኝ።

እስካሁን ያወጋኋችሁ ደጉን ነው። ሌላም አለ፤ እኛ አፍሪካውያን ልንዘለው አይገባም።

ቴን ራይነ በ1673 ወደ ምሥራቅ ሲያልፍ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ፣ ዛሬ ኬፕታውን ባለችበት፣ አጭር ጊዜ ቆይቶ ነበር። ስለ አገሩ ሰዎች፣ ስለ ኮይኮይ፣ የጻፈው መጽሐፍ በ1686 ወጣ። ስለ ቅጠሉና ስለ እንስሳው ዓይኑ ንቁ ነው፤ ስለ ሰዎቹ ሲጽፍ ግን ንቀቱ ገጹን ይሞላዋል። ለጃፓኑ ሐኪም ስም ያኖረ እጅ ለኮይኮይ አዋቂ ስም አላኖረም። ልዩነቱ ከየት መጣ? ጃፓን ሆላንዱን በድልድይ ቆልፋ፣ እየፈተሸች፣ ሰግደህ ግባ የምትል ኃይለኛ አገር ነበረች። የኮይኮይ ግጦሽ ግን በኩባንያው እጅ እየገባ ነበር። ቴን ራይነ ሊማር የጠየቀው የሚፈራውን ሕዝብ ነው። ደግ ሰው አልነበረም ለማለት አይደለም፤ ማክበሩ ከኃይል ጋር ይሄድ ነበር ለማለት ነው። እኔስ ነጭ ካፖርቱን ሰምቼ የወንዝ ማዶውን ሰው ስንቅ ከዚህ በምን እለያለሁ?

በዚያው ዘመን ሌላ ምሳሌ አለን። ላይደን የቆየው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ሮም ላይ በ1649 ካገኛቸው ከአባ ጎርጎርዮስ ግዕዝና አማርኛ፣ ታሪክና ሥርዓት ጠይቆ ተማረ፤ በ1681 ስለ ኢትዮጵያ ያሳተመው መጽሐፍ ከሳቸው አንደበት የወጣ ነው፤ ስማቸውንም አልደበቀም። መካነ ሥላሴ የተወለዱት መነኩሴ ባይጠየቁ፣ ተጠይቀውም ባይመልሱ፣ ያ ሁሉ በቀረ ነበር።

የቴን ራይነ የኋላ ሕይወት በአጭሩ ይህን ይመስላል። ባታቪያ ላይ ስለ አካል ክፍሎች አስተማረ፤ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ቤት አስተዳደረ፤ ስለዚሁ በሽታ የጻፈው መጽሐፍ አምስተርዳም ላይ በ1687 ታተመ፤ ስለ ማላባር ዕፅዋት በተዘጋጀው ታላቅ መጽሐፍም ተሳትፏል። በ1700 እዚያው ባታቪያ ሞተ፤ ደቬንተርን ዳግመኛ አላያትም። ስደተኛ ሆኖ የሞተ ሰው ነው። የጃፓኑን ዝና በአብዛኛው የወሰደው ከሱ በኋላ ደጂማ የሠራው ጀርመናዊው ኬምፕፈር ነው፤ መጽሐፉ በ1712 ወጣ። መርፌው አውሮፓ ውስጥ በተግባር መሞከር የጀመረው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ የሙዚቃው ሰው የቤርሊዮዝ አባት ፈረንሣይ ውስጥ በ1810 ሞክሮ በ1816 ጻፈበት።

እንስሳቱስ? ቴን ራይነ ስለ ሰው እንጂ ስለ እንስሳ መርፌ አልጻፈም። ቻይና ውስጥ ግን እሱ ሳይወለድ በ1608 የዩ ወንድማማቾች ስለ ፈረስ ሕክምና ያዘጋጁት ስመ ጥር መጽሐፍ ወጥቶ ነበር። ፈረስ ጦር ነው፣ ከብት እርሻ ነው፤ ስለዚህ ይታከማሉ። ውሻ ተራ የደረሰው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ሬስተን ቤጂንግ ላይ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በመርፌ መታከሙን በ1971 ከጻፈ ወዲህ ምዕራቡ ዓለም ነገሩን እንደ አዲስ አነሳው፤ የእንስሳት ሐኪሞች ዓለም አቀፍ የአኩፓንክቸር ማኅበር በ1974 ተቋቋመ። በውሻ አካል ላይ ያሉት ነጥቦች በአብዛኛው ከሰው ሥዕል የተገለበጡ ናቸው። ግልበጣው የት እንደሚያደርስ ላሳያችሁ፤ ፈረስ የሐሞት ከረጢት የለውም፣ የሐሞት ከረጢት መስመር ግን ተሠርቶለታል። ከቻይንኛ ወደ ጃፓንኛ፣ ወደ ሆላንድኛ፣ ወደ ላቲን የተንከባለለው ንድፍ በመጨረሻ ወደ ውሻ ተተረጎመ ማለት ነው።

ታዲያ ይሠራል ወይ? በ2006 የወጣ የጥናቶች ግምገማ በእንስሳት ላይ አኩፓንክቸርን ለመምከርም ለመጣልም የሚያበቃ ጠንካራ ማስረጃ የለም አለ። ከዚያ ወዲህ በተለይ የጀርባ ዲስክ ለታመሙ ውሾች ተስፋ የሚሰጡ ውጤቶች ወጥተዋል፤ አብዛኞቹ ግን ትናንሽ ጥናቶች ናቸው። በሰው ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ የማስመሰያ መርፌ ከእውነተኛው ብዙም ሳያንስ ሕመም ሲያስታግስ ታይቷል። ውሻ መድኃኒት መሆኑን አያውቅምና አይታለልም ትሉ ይሆናል። የሚታለለው ባለቤቱ ነው። በ2012 የታተመ ጥናት ላይ ባዶ ኪኒን የተሰጣቸውን አንካሳ ውሾች ከሚያዩ ባለቤቶች 40 በመቶ ገደማ ሳይሻላቸው ተሻላቸው ብለዋል፤ የእንስሳት ሐኪሞቹም ከዚያ አልተሻሉም።

ይህን አንብቤም ቡቺን ወሰድኩት። ስድስት ጊዜ ተተከለለት። እኔም ደብተር ይዤ ሳይቀመጥ ስንት ደቂቃ እንደሚራመድ መዘገብኩ። መጀመሪያ ሰባት ደቂቃ ነበር፤ በስድስተኛው ሳምንት አሥራ አንድ ሆነ። ግን በዚያው ጊዜ ጸደይ ገባ፣ ሦስት ኪሎ አስቀነስነው፣ የሚያንሸራትተውን ወለል ምንጣፍ አለበስነው። አራቱን ደቂቃ ማን እንዳመጣቸው ደብተሬ አይነግረኝም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የተወጋው ቡቺ ግን ምስክርነቱን አልሰጠኝም። የነገረኝ ነገር ቢኖር መርፌው ተተክሎለት ግማሽ ሰዓት የሐኪሙ እጅ ጀርባው ላይ ሲያርፍ ዓይኑን ጨፍኖ መተኛቱን ነው።

ስምንት ወር ኖረልን። በመከር መጨረሻ ላይ መነሳት ሲያቅተው፣ ያቺው ሐኪም ቤታችን መጥታ ሁለተኛውን መርፌ ሰጠችው። ልጄ ጭንቅላቱን ይዛ ነበር። ማታ መርፌው ሠርቶለት ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ያየሁትን ብቻ ነገርኳት፦ ሰባት ደቂቃ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ምንጣፉ፣ ጸደዩ። እሷም ደብተሩን ስጠኝ ብላ ወሰደችው።

በማግሥቱ እሑድ ሌላ ደብተር ይዤ እናቴ ዘንድ ደወልኩ። የበቅሎዋን ነገር ከመጀመሪያ ንገሪኝ አልኳት፦ ብረቱ ምን ያህል ይግል ነበር፣ ትከሻዋ ላይ የትኛው ቦታ፣ ስንት ቀን ታርፋለች፣ ያልዳነችስ ነበረች ወይ። ማመኔ አልነበረም፤ ምናልባትም ለበቅሎዋ ስቃይ ብቻ ነበር፣ የፈወሳት ዕረፍቱ ይሆናል። ግን ሳይጻፍ ሊመዘን አይችልም። እናቴ የምታስታውሰውን ሁሉ ነገረችኝ፤ አንድ ገጽ ተኩል ሞላ። በመጨረሻ የሰውየውን ስም ጠየቅኋት። ብዙ አሰበች። ከማዶ የሚመጣው ሰውዬ ነው የምንለው፣ ስሙን ማንም ጠይቆት አያውቅም አለችኝ።

ውድ አንባብያን፣ እናት አባታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ደውሉና ጠይቁ። ቸር ያሰማን።